ፎቶ ኮፒው የት ገባ?

በዚህ ዓመት ብቻ ቤተሰባችሁ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስገባውን ፎቶ ኮፒ እስቲ ቁጠሩት። ለልጅ የልደት ምስክር ወረቀት የእናትና የአባት መታወቂያ፣ ለፓስፖርት የልደት ወረቀቱና መታወቂያው፣ ከዚያ ለመንጃ ፈቃድ እድሳት፣ ለግብር፣ ለጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ለቤት ካርታ፣ ለውክልና። በየመሐሉ ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አሁንም ጉርድ ፎቶ። እኔና ባለቤቴ ስንቆጥር ሃያ ሦስት ላይ ደርሰን ተውነው።

እነዚያ ወረቀቶች ዛሬ የት ናቸው? ከመስኮቱ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ? ጠረጴዛ ሥር ካርቶን ውስጥ? ወይስ ቢሮው ሲጸዳ ወጥተው በኪሎ ተሸጠዋል? ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልጣችሁ የምታነቡ ሰዎች ከሆናችሁ የምለው ይገባችኋል። እኔ አንድ ጊዜ የማላውቀውን ሰውዬ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ከነማኅተሙ አንብቤአለሁ። እናቱ ታመውበታል። ፈቃዱ ይሰጠው አይሰጠው ሳላውቅ ቆሎው አለቀ።

ይህን ያነሳሁት ወረቀቱ አሁን ወደ ኮምፒውተር እየገባ ስለሆነ ነው። ፋይዳ የምንለው ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ የብዙዎቻችን አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይንና ፊት ተመዝግቦ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ተሰጥቶናል። ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይጠየቃል፤ የሚጠይቀውም መሥሪያ ቤት በየጊዜው እየጨመረ ነው። ቡና ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ዓይኑ ነው። «ዓይናችንን አንስተው ምን ሊያደርጉበት ነው?» ያላለኝ ዘመድ የለም።

እኔ የፋይዳ ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ከድሮው የቀበሌ ካርድ ጋር ሳነጻጽረው የሚጠይቀው ትንሽ ነው፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ከፈለጋችሁ ስልክና ኢሜይል፣ ከዚያ አሻራ፣ ዓይንና ፎቶ። በብዙዎቻችን የድሮ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር። ፋይዳ ላይ የለም። ይህ መስመር መቅረቱ ለስንት ሰው ስንት ነገር እንደሆነ በየኬላው መታወቂያውን ያሳየ ሰው ያውቀዋል።

ደግሞ አሠራሩም ብልህ ነው። ቁጥራችሁን ትሰጣላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ኮድ ይመጣል ወይም አሻራ ታሳርፋላችሁ፣ መሥሪያ ቤቱ እናንተነታችሁን ያረጋግጣል፣ አለቀ። ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደክሞበት ሳለ መስኮት ላይ የምንሰማው ምንድን ነው? «የፋይዳሽን ፎቶ ኮፒ አምጪ።» ዲጂታል መታወቂያ በወረቀት ታትሞ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ በስቴፕለር ተመትቶ ካርቶን ውስጥ ይገባል። የእኔ ጭንቀት ከዓይኑ ይልቅ ይህቺ ኮፒ ናት።

ለምን ኮፒዋን እንደምፈራ ከሙያዬ ልነሳ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ዳታ ስርቆት ሲወራ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮፍያውን ደፍቶ ኮምፒውተር የሚነካካ ወጣት ነው። እኔ የማየው ሰውዬ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ትሁት፣ ፍላሹን ኪሱ ውስጥ የያዘ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሰው ቢሯችን መጥቶ ነበር። ዝርዝር አለኝ አለ። በቅርብ ጊዜ ልጅ የወለዱ ወላጆች፣ ስም ከነስልክ ከነሰፈር። ለዳይፐርና ለዱቄት ወተት ሻጭ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አይገባም። ከየት እንዳመጣው ስንጠይቀው ፈገግ ብሎ «ውስጥ ሰው አለኝ» አለ። አለቃዬ በጣም ጨዋ ሴት ናት፤ ሻይ አጠጥታ በሩን አሳየችው። ያ ዝርዝር ግን ፍላሹ ውስጥ እንዳለ ወደሚቀጥለው ቢሮ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ የንግድ ትምህርት ልጨምር። ሱቅ ቅናሽ ካርድ ልትሰጠን ስትል የምንሞላላት ፎርም ግማሹ ውሸት ነው። የልደት ቀን እንፈጥራለን፣ ስልካችንን አንድ አሃዝ እናዛባለን። ገበያተኛ ይህን ስለሚያውቅ በፈቃድ የተሞላ ዝርዝር ዋጋው ርካሽ ነው። የመንግሥት ዝርዝር ግን እውነት ነው። ወረዳ ሄዶ የልጁን የትውልድ ቀን የሚዋሽ ወላጅ ጥቂት ነው፤ መዋሸትም ያስቀጣል። እውነቱን የሰጠነው ተገደን ስለሆነ ነው ዋጋው የሚወደደው። ደግሞ ደንበኛ ሱቁ ካስከፋው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። እኔ ወረዳዬ ቢያስከፋኝ ወዴት እሻገራለሁ? አማራጭ የሌለው ሰው ያስረከበው ነገር በይበልጥ ሊጠበቅለት ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ጉዳይ ለማስረዳት ከየትም አገር ታሪክ ይልቅ የምወደው የእንግሊዞችን ነው፤ የቤተሰብ ታሪክ ነውና። እንግሊዝ አገር በዚያ ዘመን ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ከመንግሥት የሕፃናት ድጎማ ያገኝ ነበር። ስለዚህ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ የአገሪቱን ልጆችና ወላጆች ከሞላ ጎደል በሙሉ መዝግቦ ይዟል። ብሔራዊ ኦዲተሩ ሥራውን ለመሥራት ናሙና የሚመርጥበት ዝርዝር ፈለገ። ሲጠይቅም የባንክ ሒሳቡንና የወላጆቹን ዝርዝር አውጡልኝ፣ እሱ አያስፈልገኝም ብሎ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያንን ነጥሎ ማውጣት ተጨማሪ ወጪና ሥራ ነው አለና ሁሉንም እንዳለ ሰጠ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2007 ላይ አንድ ዝቅተኛ ሠራተኛ መረጃውን ሁለት ሲዲ ላይ ገልብጦ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ በመደበኛው የደብዳቤ ልውውጥ ወደ ለንደን ላከው። አልተመዘገበም፣ አልተፈረመበትም። ሲዲዎቹ የይለፍ ቃል ነበራቸው፤ ውስጡ ያለው መረጃ ግን አልተመሰጠረም። የውጪው በር ተቆልፎ ወርቁ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ ቁጠሩት። ፖስታው አልደረሰም። ሲጠፋባቸው ምን አደረጉ? ሌላ ኮፒ ሠርተው ላኩ። ሁለተኛው ደረሰ።

የመጀመሪያው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ውስጡ የ25 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ነበር፤ 7.25 ሚሊዮን ቤተሰብ። የልጆች ስምና የትውልድ ቀን፣ የወላጅ አድራሻ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ። ኅዳር 20 ቀን 2007 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስቴር ዳርሊንግ ፓርላማ ፊት ቆመው ነገሩን ተናገሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሊቀ መንበር ፖል ግሬይም ሥልጣን ለቀቁ። ማንም ሲስተም አልሰበረም። ኮፍያ ያደረገ ወጣት የለበትም። አንድ ሠራተኛ የታዘዘውን ቶሎ ለመጨረስ ሲል ኮፒ አደረገ፣ በቃ። ኦዲተሩ አያስፈልገኝም ያለው መረጃ ተነጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው ነገር ያን ያህል ባልከፋ ነበር። ከዚህ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ ጥያቄው በጊዜው ቀርቦ ነበር።

ወደ እኛ መስኮት ልመለስ። ሲስተም የለም የተባለ ቀን ደርሳችሁ ታውቃላችሁ። ልጅቷ ደግ ናት። ሁለት ሰዓት ተሰልፋችሁ ባዶ እጃችሁን እንድትመለሱ አትፈልግም። «እንዳትመላለሺ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ሲስተም ሲመጣ አስገባልሻለሁ» ትላችኋለች። እናንተም መርቃችኋት ትሄዳላችሁ። በዚያች ደቂቃ የልጃችሁ የልደት ወረቀት በአንዲት ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ ገባ። ስልኳ ቢሰረቅ፣ ሥራ ብትለቅ፣ ልጇ ጌም ሊጫወትበት ቢወስደው መረጃው እዚያው ነው። ለእሷ የቢሮ ስልክ የሰጣት የለም፣ እንዲህ አታድርጊ ብሎ ያሠለጠናትም የለም። ደግነቷን የሚተካ አሠራር እስካልተሰጣት ድረስ ልጅቷን መውቀስ ቀላል ነው፣ ጥቅም ግን የለውም።

ከወረዳው በር ላይ ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤትም አለች። ብልሽት ሲወጣ ወረቀቱ ወዴት ይጣላል? ለማተም ብለን የላክንለት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ስንት ወር ይቆያል? እኔ አንድ ቀን ልጁ የእኔን ፋይል ሲፈልግ ስክሪኑ ላይ በተርታ ያየሁት የሰው ፓስፖርት ብዛት ኤምባሲ የገባሁ አስመስሎኝ ነበር።

የጥበቃ ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ምስጢር መጠበቅን ነው። ሌላ ገጽታ አለው፤ መረጃው እንዳይነካካ መጠበቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሲቆጥብ የኖረ ቤተሰብ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ሐምሌ 2014 ላይ የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 ዕጣ ወጣ፤ 25,491 ቤት። የደረሰው እልል አለ፣ ያልደረሰው አለቀሰ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዕጣው በገባበት ዳታ ውስጥ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ መካተቱ ታወቀና የከተማ አስተዳደሩ ዕጣውን ሰረዘ። በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ከመቀነቱ ፈትቶ በየወሩ የቆጠበ ሰው ዕድሉ የተንጠለጠለው በአንድ ዝርዝር ንጽሕና ላይ ነበር። የማንም ምስጢር አልወጣም፤ ዝርዝሩ ላይ ስም ተጨመረበት እንጂ።

እዚህ ጋ አንድ አንባቢ «እንግዲያ ሁሉም ይደበቅ ልትዪ ነው?» ቢለኝ መልሴ አይደለም ነው። የዕጣ አሸናፊ ስም በጋዜጣ ባይወጣ ኖሮ ማን ያምን ነበር? አንዳንድ ዝርዝር አደባባይ መውጣቱ ራሱ ጥበቃ ነው። ግን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ስምና የምዝገባ ቁጥር ቢይዝ ይበቃል። ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር ለምን ይጨመርበታል? ማን ዕጣ እንደደረሰውና ስልኩ ስንት እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ሲያገኝ ማን ቶሎ እንደሚደውል ገምቱ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ለፋይል ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ይላኩ።

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራች ጡረተኛ ናት። ይህን ዓምድ ልጽፍ ነው ስላት ስኒዋን አስቀምጣ ሳቀችብኝ። «እኛ ጋ ፋይል እንዲህ በዋዛ ይወጣል እንዴ!» አለች። አንድ ትልቅ ደብተር ነበራቸው። ማን ወሰደው፣ በስንት ቀን፣ ለምን ጉዳይ፣ መቼ መለሰ፣ ፊርማ። «አለቃው ራሱ ቢመጣ ሳይፈርም አይወስዳትም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ‹እኔን ነው የምታስፈርሚኝ?› ብሎ ተቆጣ። ‹ጌታዬ፣ ነገ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ› አልኩት። ፈረመ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ «አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ማን ገልጦ እንዳየሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። በዳታ ጥበቃ ጉዳይ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ግን የምመርጠው የእሷን ነው። የአክስቴን ደብተር በኮምፒውተር የሠሩት ኢስቶኒያዎች ናቸው። የሕዝባቸው ብዛት ከአዲስ አበባ ያንሳል። አንድ ዜጋ የመንግሥቱን ድረ ገጽ ከፍቶ በመታወቂያው ሲገባ የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን መቼ እንዳየው መመልከት ይችላል። ፖሊስ አየኝ? ሐኪም አየኝ? ያለ ጉዳዩ የገለጠ ሠራተኛ ካለ ዜጋው ራሱ ይጠይቃል። ቴክኖሎጂው የሮኬት ሳይንስ የለበትም፤ ፊርማ ነው። የእኛ ሲስተሞች ሲገዙና ሲሠሩ ዋጋው፣ ፍጥነቱ፣ ስንት ሰው መዘገበ የሚለው በየመግለጫው ይነገራል። ደብተሩስ? ማን እንዳየኝ እኔ ራሴ የማይበት መስኮት አለው? ጋዜጠኞቻችን በየምረቃው ላይ ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።

የዘመዶቼን የዓይን ነገርም ንቄ አልተውኩትም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ሠራተኞችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘርፎ የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ መውጣቱ ተገልጿል። ከዚያ ውስጥ የ5.6 ሚሊዮን ሰው የጣት አሻራ ይገኝበታል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ቁልፍ ቢጠፋ ጋኑን አስቀይሮ ማደር ይቻላል። አውራ ጣትን ግን ማን ይቀይራል? ስለዚህ አሻራን የሰበሰበ ሁሉ ከሌላው ዳታ የበለጠ የሚጠበቅ ነገር መያዙን ማወቅ አለበት። ለሠራተኛ የመግቢያ ሰዓት መቆጣጠሪያ ተብሎ በየቢሮው በር ላይ የተሰቀለው ማሽንም ጭምር። እሱን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም።

ሕግ አለን ወይ? አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎታል። ዝርዝሩ ግን ለዓመታት ሲጠበቅ ቆይቶ በመጋቢት 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። አዋጁ ባንክና ሆስፒታልን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤትንም ይመለከታል። በቤት ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። መረጃ ሲወሰድባችሁ ለምን እንደሆነ ሊነገራችሁ ይገባል። ለአንድ ጉዳይ የተወሰደ ለሌላ ጉዳይ እንደፈለጉ አይውልም። ከሚያስፈልገው በላይ አይወሰድም፤ ጉዳዩ ሲያበቃ ለዘላለም አይቀመጥም። የተያዘባችሁን የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ አንዳንዱንም የማሰረዝ መብት አላችሁ። የመረጃ መጥፋት ወይም መሰረቅ ሲከሰት የያዘው አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አቤቱታም የሚቀርበው እዚያ ነው።

ጥሩ ሕግ ነው። ሁለት ነገር ግን ይቆጠቁጠኛል። ተቆጣጣሪው ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የግል ድርጅትን መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ወንድም መሥሪያ ቤትን በ72 ሰዓት ለምን አልነገርከኝም ብሎ መያዝ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ያንን ጉልበት በአደባባይ አንድ ቀን ብናየው ከመቶ ሥልጠና ይበልጥ ያስተምራል። ሁለተኛው፣ እንደ ብሔራዊ ደኅንነት ላሉ ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ተቀምጧል። የትም አገር አለ፣ አላጋንነውም። ግን ልዩ ሁኔታ የምትባል በር ስትከፈት ስፋቷን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

እስከዚያው እኛስ? እኔ ባለቤቴን ያሰለቸሁበትን ልማድ ልንገራችሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ እስክሪብቶ አለ። ፎቶ ኮፒ ከመስጠቴ በፊት ኮፒው ላይ በሰያፍ «ለመንጃ ፈቃድ እድሳት ብቻ» ብዬ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ፎቶውንና ቁጥሩን ሳልሸፍን። ያ ወረቀት ነገ ከካርቶኑ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ በእኔ ስም ሲም ካርድ ለማውጣት ወይም ውል ለመፈራረም አያመችም። እስካሁን አንድ ሠራተኛ ብቻ «ለምን አበላሸሽው?» ብሎኛል። ሳስረዳው የራሱንም እንዲሁ ሊያደርግ ተነሳ።

የፋይዳ ፎቶ ኮፒ አምጪ ስባል በትሕትና «ቁጥሬን ልስጥህና በኮድ አረጋግጥ፣ አይቻልም?» እላለሁ። አንዳንድ ቦታ ይቻላል፤ ስላልተጠየቀ ብቻ ነው። ካልተቻለም እሰጣለሁ፣ ጀግና ለመሆን አይደለም የመጣሁት፤ ከኋላዬ ሰልፍ አለ።

ለማተም በቴሌግራም የላኩትን ከታተመ በኋላ ለሁለቱም ወገን አጠፋለሁ። ልጁንም «ከኮምፒውተሩም አጥፋልኝ» ብዬ ሲያጠፋ ቆሜ አያለሁ። መጀመሪያ ያሳፍራል። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሱ «አጥፍቼዋለሁ፣ እህቴ» ይላችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን እናትና አባቶቻችንን አስቡልኝ። ስልካቸው ላይ የሚመጣውን ኮድ ከቢሮው ነን ብሎ ለደወለ ሁሉ ያነባሉ፤ ቢሮ የሚባል ነገር ያከብራሉና። እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ፣ ያቺ ኮድ ከቤት ቁልፍ እኩል መሆኗን፣ ማንም ሠራተኛ ደውሎ ሊጠይቃት እንደማይገባ ንገሯቸው። ደግሞ ለፋይዳ ያስመዘገቡት ስልክ አሁን የያዙት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሽማግሌ የተመዘገበው በልጁ ወይም በጎረቤት ቁጥር ነው። ሲም ካርድ ተቀይሮ ምዝገባው ካልተስተካከለ ኮዱ የሚሄደው ወደ ድሮው ቁጥር ነው፤ የድሮው ቁጥር ደግሞ ዛሬ የማን እንደሆነ አታውቁም።

የልጆችን ነገር ስናነሳ የልደት ወረቀት፣ የፈተና መግቢያ ካርድ፣ አዲስ ፓስፖርት ሲመጣ ደስታውን በፌስቡክ የሚያካፍሉ ወላጆች አሉ። ልጁ ደስ ይበለው፤ ፎቶው ግን ወረቀቱን ባይጨምር።

የማሳረም መብቱንም ልጆቹ ትንሽ ሳሉ ብትጠቀሙበት እመክራለሁ። የልጃችሁን የልደት ወረቀት፣ ፓስፖርትና ፋይዳ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ። በአማርኛው «ሠ» እና «ሰ» ቢለያይ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ግን አንዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት ከሆነ፣ የአያት ስም አንዱ ጋ ከተዘለለ፣ የትውልድ ቀኑ ከፈረንጅ ወደ እኛ ሲገለበጥ በሳምንት ከተዛባ፣ መዝገቦቹ በአንድ ቁጥር ሲገናኙ ያ ልጅ ሁለት ሰው ይሆናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጇ ለትምህርት ዕድል አመልክቶ ስሙ አልተመሳሰለም ተብሎ ማመልከቻው ሲመለስበት አይታለች። ማረሚያ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቡ፣ የገባበትን ቀንና የተቀባዩን ስም ያዙ፣ በኮፒያችሁ ላይ ማኅተም አስመቱ። አክስቴ እንደምትለው፣ ሳያስፈርሙ አይሰጥም።